የመውጫ ሰዓት

ካርቱም ሁለት በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል የተቀጠርኩት ወለል ልወለውል ነበር። ከዚያ በፊት አል-ማንሺያ ሰፈር፣ አንድ ሰፊ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የቤቱ ልጆች አድገው ለትምህርት ወዲያ ወዲህ ሲበታተኑ እመቤቲቱ "አንቺንማ ሜዳ ላይ አልጥልም" አሉና ለእህታቸው ነገሩልኝ። እህትየው የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሐኪምም ስለነበሩ ከዘበኛው እስከ ቀዶ ሐኪሙ ሁሉም "ዶክቶራ" ይላቸዋል። የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ነጭ ቶባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በኮሪደሩ ብቅ ሲሉ የነርሶቹ ወሬ እንደ ራዲዮ ጥርቅም ይላል።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከመወልወያና ከባልዲ ጋር አሳለፍኩ። ካርቱም ውስጥ ወለል ማጽዳት ከአቧራ ጋር መከራከር ነው፤ ጠዋት የረታሁት ከሰዓት በኋላ ይግባኝ ብሎ ይመጣል። ከሁሉ የሚብስብኝ ከድንገተኛ ክፍሉ ጀርባ ያለው የታካሚዎች መዝገብ ቤት ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ ፋይል የተደረደረበት፣ አንዷ ማራገቢያ እያቃሰተች የምትዞርበት ክፍል ነው። ኃላፊው ጀለቢያ ለባሽ፣ ወፍራም መነጽር ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። እኔ "ያ ዐም" እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። እሳቸውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ያ ቢቲ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ሽማግሌው ፋይል አይፈልጉም፣ ያስታውሳሉ። ነርስ በር ላይ ቆማ የታማሚ ስም ስትጠራ ዓይናቸውን ለአፍታ ጨፈን ያደርጉና "እናቱ እዚህ የወለደችው፣ አባቱ አናጢ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ" ብለው ይነሳሉ። እጃቸው ፋይሉ ላይ ነው የሚያርፈው። እንዲህ ሲሆን ደጋግሜ ስላየሁ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሲያቅታቸው ሳይ ደነገጥኩ።

ያን ቀን አንዲት የሀገሬ ልጅ ሆዷን ይዛ ድንገተኛ ክፍል ገብታለች። ነርሷ እየሮጠች መጥታ ፋይሏን ስትጠይቅ ሽማግሌው ሦስት ፋይሎች አወጡና ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ቀሩ። ስሞቹ ይመሳሰላሉ ግን አንድ አይደሉም።

"የትኛዋ ናት?" አሉ ለራሳቸው። "ሐበሻ ሲሆንብኝ እኮ ማስታወሱ ይከዳኛል።"

እኔ መወልወያዬን ተደግፌ ከትከሻቸው በላይ አየሁ። አባቴ ደሴ አካባቢ ቁርኣን የሚያስቀሩ መምህር ስለነበሩ የዐረብኛ ፊደል ከአማርኛው እኩል ነው የለመድኩት።

"ያ ዐም፣ ሦስቱም አንድ ሰው ናት" አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። "በምን አወቅሽ?"

"ስሟ ውስጥ በእናንተ ፊደል የሌለ ድምፅ አለ። አንደኛው ጸሐፊ በ'ሺን' ጽፎታል፣ ሁለተኛው 'ታ' እና 'ሺን' አጋጥሟል፣ ሦስተኛው ተስፋ ቆርጦ በ'ጂም' አለፈው። የአባቷ ስም ግን ሦስቱም ላይ ያው ነው።"

ሽማግሌው ሦስቱን ከፍተው አመሳከሩ። ዕድሜዋ፣ የምትሠራበት ቤት፣ ሁሉም ገጠመ። ከሦስቱ በአንደኛው ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ እንደማይስማማት ተጽፏል። ነርሷ ይህን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ፤ መርፌውን አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ፋይሉን ነጥቃ ሮጠች። ልጅቷ በአምስተኛው ቀን በእግሯ ሄደች። በሳምንቱ ሽማግሌው ዶክቶራ ቢሮ ገብተው "ያቺን ልጅ ስጡኝ፤ ወለሉን የሚወለውል ሌላ ሰው አይጠፋም" ብለው ለመኑልኝ።

እንዲህ ሆኜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሥራው ደስ ይላል። ፋይል ማውጣት፣ መመለስ፣ የገቡትንና የወጡትን መመዝገብ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለዶክቶራ አንዲት ወረቀት እንሰጣለን፦ ትናንት ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተኝቷል። ዶክቶራ ወረቀቷን ቆመው ነው የሚያነቧት። ሁሌም የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ ሞልቷል። ኮሪደሩ ላይ በወንበር ተቀምጠው አልጋ የሚጠብቁ ሰዎች አይጠፉም። አንዳንዱ ግሉኮስ ተሰክቶለት ነው ወንበር ላይ የሚውለው። ዶክቶራ በአጠገባቸው ባለፉ ቁጥር ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

አንድ ቀን ወረቀቷን ተቀብለው ሳይሄዱ ቆሙ። "አትክልቱን አንስቼ አዲስ ክፍል ልሠራበት ነው" አሉ። አትክልቱ የሚሉት የሆስፒታሉን ግቢ ነው። ከኒም ዛፎቹ ሥር የታማሚ ቤተሰብ ምንጣፍ አንጥፎ ይውላል፣ ሻይ የምትሸጠው ሴትም ማንቆርቆሪያዋን የምትጥደው እዚያ ነው። ከዚያ ውጭ ጥላ የለንም።

ሽማግሌው ፋይል መደርደራቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን አፌ አላስቻለኝም።

"ዶክቶራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አልጋ ላይ ከተቀመጡት ግማሾቹ ጫማቸውን አድርገዋል።"

"ጫማቸውን?"

"አዎ። ፋይል ላደርስ ወደ ላይ ስወጣ አያቸዋለሁ። ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዕቃቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው የሆነ ነገር ይጠብቃሉ። እነሱ ሲጠብቁ ኮሪደር ያለው ደግሞ እነሱን ይጠብቃል።"

ዶክቶራ ወረቀቷን አጠፏት። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። "ጠይብ" አሉ፤ እሺ ማለት ነው። "ከነገ ጀምሮ እያንዳንዱ ታማሚ የወጣበትን ሰዓት ጻፉልኝ። ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓት። ሁለት ወር እንየው፤ ከዚያ እወስናለሁ።"

ሽማግሌው ዶክቶራ ሲሄዱ ሳቁ። "ስንት ዓመት ስጽፍ ኖርኩ፤ ሰዓት የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም" አሉ። ከዚያ ማስመሪያ አነሱና ትልቁ መዝገብ ላይ፣ በየገጹ፣ አንድ መስመር በጥንቃቄ ጨመሩ። አናቱ ላይ "የመውጫ ሰዓት" ብለው ጻፉበት። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል፤ የመስጊድ በር ላይ የተቀረጸ ነው የሚመስለው።

ከሆስፒታሉ የሚወጣ ሰው ሁሉ የመውጫ ወረቀቱን በመጨረሻ የሚያስረክበው በእኛ መስኮት ነው። ወረቀቱን እቀበላለሁ፣ እጄ ላይ ያለችውን ሰዓት አያለሁ፣ እጽፋለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ እረፍቴ ስለሆነች ያን ቀን ሽማግሌው ይጽፋሉ። ሁለት ወር አንድም መስመር አልዘለልንም። እንዲያውም ኮርቼ ነበር። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወርጄ አዲስ ብዕር ገዛሁ።

በዚያው ሰሞን ሆስፒታሉ ኮምፒውተር ገዛ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣች አንዲት ወጣት ሱዳናዊት ተቀጠረችለት። ቀልደኛ ልጅ ናት። ማሽኑን ለአቧራው ብላ በአበባማ ጨርቅ ትሸፍነውና ጠዋት ስትገልጠው "ሙሽራው ተነሣ" ትላለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ "ሙሽራው ሞተ" ብላ እኛ ጋ ሻይ ልትጠጣ ትመጣለች። መዝገባችንን ወስዳ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ማሽኑ አስገባች። ሁለቱ ወር ሲሞላ ማሽኑ እንደ ሕንፃ የቆሙ ዓምዶች ያሉበት ሥዕል አወጣላት፤ ያንን ይዛ ዶክቶራ ዘንድ ገባች።

ስትወጣ መስኮታችን ላይ ክርኗን አስደግፋ ነገረችን። "ያንቺ ጫማ ወሬ ነው የሆነው" አለችኝ እየሳቀች። "አብዛኞቹ ታማሚዎች የሚወጡት ጠዋት ነው። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት። ከዚህ የተሻለ ሆስፒታል የለም። እንግዲህ አልጋው እውነትም አንሷል ማለት ነው። ዶክቶራ መሐንዲስ ሊጠሩ ነው።"

 ጫማቸውን ያደረጉትን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ሥዕሉ ቆሟል፤ ዓምዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ጥቂት ሰዎች አይቼ ብዙ መስሎኝ ይሆናል አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ደግሞ ያን ቀን ለወረቀቱ ራሴን ለቀቅሁ።

"አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል" አለች ልጅቷ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ሽማግሌው ወደ ውስጥ ገብተው ነበር። "ቅዳሜ ቅዳሜ አብዛኛው ታማሚ የሚወጣው ከሰዓት ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰዓት ነው። ቅዳሜን ብቻ ምን ነካው? ዶክቶራ የዐም ዓይን ደክሟል መሰለኝ አሉ። በዚያ መነጽር ዘጠኙን ሦስት አድርገው ጽፈው ይሆናል።"

ዶክቶራ በማግስቱ ሽማግሌውን አስጠሩ። ጨዋ ሰው ስለሆኑ አልተቆጧቸውም። ብዙ ደክመዋል፣ ጡረታ ቢወጡስ፣ እኛም እናስታውስዎታለን፣ ብቻ በዚህ ዓይነት መንገድ አነጋገሯቸው። ሽማግሌው ተመልሰው ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በጀለቢያቸው ጫፍ ወለወሉ። መልሰው አደረጉ። እንደገና አወለቁ። ከዚያ መዝገቡን ከፍተው የእኔን ገጽና የእሳቸውን ገጽ እያገላበጡ ያስተያዩ ጀመር።

"ያንቺ ሁሉ ዘጠኝ ነው፣ የእኔ ሁሉ ሦስት" አሉ በመጨረሻ። "ያንቺ ዓይን ገና ልጅ ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

"አብሽሩ ያ ዐም፣ አይዞዎት" አልኳቸው።  እሳቸውም ያን ቀን ፋይል ሲጠየቁ፣ ዓይናቸውን መጨፈኑን ትተው እንደ ማንኛውም ሰው በጣታቸው እየተከተሉ መፈለግ ጀመሩ። ያ ነው አንጀቴን የበላኝ።

መሐንዲሱ በሳምንቱ መጣ። ግቢው ውስጥ ሜትሩን እየዘረጋ የኒሞቹን ወገብ ሲለካ በመስኮት እናያለን። ሻይ የምትሸጠው ሴት ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትሸሸዋለች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ የሰውን አእምሮ የሚያቀልጥበት ሰዓት። አንድ አባት ልጁን አቅፎ የመውጫ ወረቀቱን በመስኮት አቀበለኝና በዐረብኛ ጠየቀኝ፦

"ስንት ሰዓት ነው እህቴ? ሐፍላው አመለጠኝ ይሆን?" ሐፍላ የሚሉት ሚኒባሱን ነው።

እጄን አየሁ። የሰዓቴ ትንሿ ዘንግ ዘጠኝ ላይ ናት።

"ተላታ" አልኩት። ሦስት።

አመስግኖ ሄደ። እኔ ብዕሬን አነሳሁና መዝገቡ ላይ፣ በተለመደው ቦታ፣ 9 ብዬ ጻፍኩ።

ጽፌም ደርቄ ቀረሁ።

ያቺን ሰዓት ሱቅ ዐረቢ ስገዛ የሞላኋት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጀንበር ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለች እንድትሄድ። ካርቱም ስንት ዓመት ስኖር አልቀየርኳትም። የጠየቀኝን ሰው ሁሉ አፌ ሳላስበው ተርጉሞ ነው የሚመልስለት፤ ስድስት መጨመርና መቀነሱን ራሴም አላውቀውም። እጄ ግን ተርጓሚ አልነበረውም። ያየውን ነበር የሚጽፈው። ሁለት ወር ሙሉ! በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት የወጣውን ሰው ዘጠኝ እያልኩ፣ ማሽኑ ደግሞ ጠዋት ብሎ አምኖ፣ ዶክቶራም በዚያ ላይ ቆመው መሐንዲስ ጠርተው። የቅዳሜዎቹ መስመሮች ብቻ ነበሩ ትክክል። የሽማግሌው።

 እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ሐሳቤ ዝም ማለት ነበር። ማን ያውቅብኛል? መሐንዲሱ ለክቶ ይሄዳል፣ ሽማግሌው ጡረታ ይወጣሉ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እቀራለሁ። ተመልሼ መወልወያ የማነሳ መሰለኝ። ቀና ስል ሽማግሌው አንድ ፋይል ይዘው ቁጥሩን ለሦስተኛ ጊዜ ያነቡታል።

"ያ ዐም" አልኩ። "ዓይንዎ ምንም አልሆነም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ሰዓቴን አውልቄ አሳየኋቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። "ቆይ፣ አሁን በእናንተ ዘጠኝ ነው? ቀኑ የሚጀምረው ጠዋት ስለሆነ?" አሉ። አዎ አልኳቸው። ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ተቆጡ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ደግሞ ወደ ዕንባ። መነጽራቸውን አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ያ ቢቲ፣ ያ ቢቲ! ሳልታመም አሳወርሽኝ እኮ!"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብያለሁ። አሁን ተነሺ፤ ሰውዬው ዛፉን ከመቁረጡ በፊት እንድረስ። ያላ!"

ዶክቶራ ቢሮ ስንገባ መሐንዲሱ ወረቀቱን ዘርግቶ ሊያስረዳቸው ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰዓቴንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ዶክቶራ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፣ የእኔን አዩ፣ ደግመው ግድግዳውን አዩ። 

"መስመሮቹን መለየት ይቻላል? የትኛው ያንቺ፣ የትኛው የእሳቸው እንደሆነ?" አሉ።

ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። የመለሱላቸው ሽማግሌው ናቸው። "እሷ ቁጥር የምትጽፈው እንደ ፈረንጅ ነው፣ እኔ በዐረብኛ ቁጥር። መዝገቡ ላይ እንደ ቀንና ሌሊት ይለያያል። ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ነው አንድ ዓይነት የሆነው።"

ዶክቶራ ለመሐንዲሱ "ለጊዜው ሜትሩን ጠቅልለው" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እንግዲህ አበቃ፣ ባልዲዬ ጠራኝ አልኩ በልቤ።

"ይህን ዛሬ ባትነግሪኝ ኖሮ በዚያ ቁጥር ላይ ሕንፃ እገነባ ነበር" አሉ። "ሂጂ፣ አስተካክላችሁ አምጡልኝ። ያቺን ሰዓት ደግሞ ቤትሽ አድርጊያት።"

ሦስት ቀን ፈጀብን። እኔ ከመዝገቡ አነባለሁ፣ ሽማግሌው ከአጠገቤ ተቀምጠው የማን እጅ እንደሆነ ይመሰክራሉ፣ ልጅቷ ማሽኑ ላይ ትመታለች። በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ስንሳሳቅ ነርሶቹ "መዝገብ ቤት ሠርግ አለ እንዴ?" እያሉ በበሩ ብቅ ይሉ ነበር። ሽማግሌው አንድ ሐሳብ ጨመሩ፦ ሐኪሙ "ወደ ቤት ሂድ" ብሎ የፈረመበት ሰዓት በየፋይሉ ላይ ስላለ፣ እሱንም ጎን ለጎን እናስገባ አሉ። አስገባን። ሲያልቅ አዲሱ ሥዕል ወጣ፤ ረጃጅሞቹ ዓምዶች ሁሉ ከቀትር በኋላ ተሰልፈው ቆሙ። ታማሚው ጠዋት ልብሱን ይለብሳል፣ ፈራሚው የሚመጣው ግን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ጠዋት የሚገባው አዲስ ታማሚ ያን ሁሉ ሰዓት ኮሪደር ላይ ይቀመጣል።

ፈራሚው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ትልቁ ቀዶ ሐኪማችን ጠዋት ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ። እጃቸው የተባረከ ነው ይባላል፤ ግን ኩሩ ሰው ናቸው። ዶክቶራ የክፍል ኃላፊዎችን ሲሰበስቡ እኔና ሽማግሌውንም አስጠሩን። እኔ በር አጠገብ ቆምኩ።

ቀዶ ሐኪሙ ሥዕሉን አዩና መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰዓቴን የምትቆጥርብኝ ያቺ ወለል ጠራጊ ናት?"

ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው መለሱ። "የቆጠረችው የእርስዎን አይደለም ዶክተር። የታማሚውን ነው።"

"ሰምቻለሁ" አሉ ቀዶ ሐኪሙ ፈገግ ብለው። ወሬው መቼም ሆስፒታሉን አዳርሶታል። "ለመሆኑ በየትኛው ሰዓት ነው? በእኛ ወይስ በሐበሻ?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ግን መልስ የሚጠብቁ ይመስል ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"በሁለቱም ቢቆጠር፣ ዶክተር፣ ሰውየው የሚጠብቀው ያው አምስት ሰዓት ነው" አልኩ።

ዶክቶራ ሳቃቸውን በቶባቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቀዶ ሐኪሙ ግን አልሳቁም፤ ሥዕሉን እንደገና አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። "ሁለት ቦታ መሆን አልችልም" አሉ መጨረሻ ላይ፣ አሁን ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ነገር ግን ማን ነገ መሄድ እንደሚችል ዋዜማውን አውቃለሁ። አመሻሹ ላይ ስዞር 'ትኩሳት ከሌለው ነገ ይሂድ' ብዬ እጽፋለሁ። ጠዋት ተረኛው ሐኪም አይቶ ይፈርም። አንድ ወር እንሞክረው።"

ሞከሩት። እኔም በግድግዳ ሰዓት እያየሁ መጻፌን ቀጠልኩ፤ ሽማግሌው መጀመሪያ ሰሞን ከኋላዬ መጥተው ቁጥሬን ሰረቅ አድርገው ያያሉ፣ እኔም ሲያዩኝ አያቸዋለሁ። ወሩ ሲያልቅ የቀዶ ጥገናው ክፍል አልጋዎች ከቁርስ በፊት ባዶ መሆን ጀመሩ። ሱዳኖች ደግሞ ቁርስ የሚበሉት ረፋዱ ላይ ነው፤ ቢሆንም ከዙህር ጋር ሲተያይ ብዙ ነው። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ወንበሮች ሳሱ። አንድ ቀን ዶክቶራ ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው በስልክ ሲያወሩ አየሁና፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ አለኝ።

ሁሉም አልተስተካከለም። የእናቶች ክፍል እንደተጨናነቀ ቀረ። መዝገቡን ስናይ ግን እነሱ ድሮም የሚወጡት ጠዋት ነው፤ እዚያ እውነትም አልጋ አንሷል። ዶክቶራ የሐኪሞች ማረፊያ የነበረውን ክፍል አስለቅቀው ለወላዶች አደረጉት። ሐኪሞቹ ለጥቂት ሳምንት አኮረፉ፣ ከዚያ ሻያቸውን ይዘው ከኒሙ ሥር መቀመጥ ለመዱ። ግቢው ላይ ያ መሐንዲስ ተመልሶ አልመጣም።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡት ከዓመት ከምናምን በኋላ፣ በራሳቸው ፈቃድ ነው። ዶክቶራ በዚያ ጊዜ ስለተናገሯቸው ነገር ቢሯቸው ጠርተው ይቅርታ ጠይቀዋቸዋል፤ ምን እንዳሏቸው ግን ሽማግሌው አልነገሩኝም። መዝገብ ቤቱን ለእኔ አስረክበው ሲሄዱ ያለቀሱ ነርሶች ነበሩ። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

ሽማግሌው፣ ዓባይ መሃል ባለችው ቱቲ ደሴት ላይ ከአባታቸው የወረሱት ቁራሽ መሬት ነበራቸውና ጅርጅር የሚባለውን ከፉል ጋር የሚበላ ቅጠል መዝራት ጀመሩ። አንድ ሐሙስ ጠዋት በጀልባ ተሻግረው፣ ቅጠሉን በጆንያ ተሸክመው፣ ሆስፒታሉ ብቅ አሉ። በየክፍሉ እየዞሩ ለነርሷም ለታማሚውም፣ ለዶክቶራም እስር እስር አደሉ። ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ሲያገኟቸው አቅፈው ሳሟቸው። የቀረችውን እስር ሽማግሌው ለእኔ ሰጡኝና መስኮቴ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው፣ ስለ እርሻቸው፣ ስለ ዓባይ ሙላትና ቅጠሉን ስለሚበሉባቸው የጎረቤት ፍየሎች እስከ ምሳ ሰዓት አወሩኝ።